የራውተር መጠባበቂያ መስመር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባሉ ቢሮዎች ራውተር፣ ማለትም ቢሮውን ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘውን መሣሪያ፣ መትከልና መጠገን ነው። ስልኬ አብዝቶ የሚጮኸው ዋናው መስመር በተቆረጠ ቀን ነው። ባንክም ይሁን ክሊኒክ፣ የጉዞ ወኪልም ይሁን የመርካቶ አስመጪ፣ ያን ቀን ደንበኛው የሚሰማው ቃል አንድ ነው፦ «ሲስተም የለም»። ሦስት ታክሲ ቀያይረው የመጡ እናት መስኮቱ ላይ ይህን ሰምተው ደብተራቸውን አጥፈው ሲመለሱ አይቻለሁ። በጣም ያሳዝናል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ መከላከል የሚቻል ነገር ነው።

ስለዚህ በየቢሮው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው በሲስኮ ራውተር ናቸው። ማይክሮቲክ ስለሚባለው ሌላ ዓይነት ራውተር ወደ ታች አለ።

ደውሎ የሚነሳ መጠባበቂያ ምንድን ነው?

ዋናው መስመር ሲወድቅ ራውተሩ ራሱ ደውሎ ሌላ መስመር ይከፍታል። ዋናው ሲመለስ ይዘጋዋል። በቃ ይኸው ነው።

ኢንተርኔት ወደ አገራችን በ1989 ዓ.ም. ሲገባ መግቢያው በስልክ መስመር ዳታ የሚልከው ያ የሚያፏጭ ሞደም ነበር። የራውተር መጠባበቂያም ለረጅም ጊዜ በእሱ ነበር የሚሠራው። ዛሬ ብዙ ቢሮ በሞደሙ ቦታ ሲም ካርድ የሚጎርስ የ4ጂ ካርድ ያስገባል። ራውተሩ ውስጥ ያለው ሐሳብ ግን ያው ነው። ዋናው መሞቱን ማወቅ አለበት። መጠባበቂያውን ማንሳት አለበት። መንገዱን ማዞር አለበት። ዋናው ሲመለስ ደግሞ ሳይረብሽ መመለስ አለበት። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ መደወሉ ነው። እኔ ባየሁት ግን ከአራቱ ከባዱ የመጀመሪያው ነው፤ መሞቱን ማወቅ።

ዛሬም በመደበኛ ስልክ መደወል ዋጋ አለው?

ለአንዳንድ ሥራ አለው። ፍጥነቱን ግን አስቀድማችሁ እወቁት። «56ኬ» የሚባለው ሞደም 56 ኪሎቢት የሚጠጋው በወዲያኛው ጫፍ ያለው መሣሪያ ከስልክ ኔትወርኩ ጋር በዲጂታል መስመር ሲገናኝ ብቻ ነው። ያውም ወደ እናንተ በሚወርደው በኩል። ዋና መሥሪያ ቤትም ተራ ሞደም፣ ቅርንጫፍም ተራ ሞደም ከሆነ ጣሪያው 33.6 ኪሎቢት በሰከንድ ነው። በዚህ ፍጥነት 10 ሜጋባይት የሆነ የኢሜይል አባሪ 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ሃያ ሠራተኛ ዩቲዩብ ሊከፍትበት አይችልም። የፖስ (የካርድ መክፈያ) ማሽን ክፍያ ግን ጥቂት ኪሎባይት ነው፤ ያልፋል። በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራምም ይሠራል።

እኔ የምወድለት ሌላ ጥቅም አለው። ራውተሩ ከኔትወርክ ሲጠፋ ከቢሮዬ ሆኜ በስልክ መስመር በረዳት ፖርቱ (ሞደም በሚሰካበት ቀዳዳ) እገባና አስተካክለዋለሁ። በዝናብ ከአራት ኪሎ ለገሀር መሮጥ ይቀራል።

የመዳብ ስልክ ሌላም በጎ ነገር አለው። ኃይሉን የሚያገኘው ከስልክ ጣቢያው ነው፤ 48 ቮልት ገደማ። እናንተ ጋ መብራት ቢሄድም መስመሩ በሕይወት ይቆያል።

ስልካችን ከፋይበሩ ሳጥን ነው የሚወጣው። እሱን ብንጠቀምስ?

አይሆንም። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ስልኩ ከዚያች ነጭ ሳጥን ከወጣ፣ ፋይበሩ ሲቆረጥ ኢንተርኔቱም ስልኩም አብረው ይሞታሉ። መጠባበቂያችሁ ከዋናው ጋር አንድ ገመድ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። በዚያ ላይ ድምፁ ወደ ዳታ ተቀይሮ ስለሚሄድ ሞደም በላዩ ሲነጋገር ይንገዳገዳል።

በስልክ ገመድ የሚመጣው ኤዲኤስኤል ኢንተርኔትና መደበኛ ስልክም እንዲሁ አንድ የመዳብ ገመድ ላይ ናቸው። አካፋ የሚቆርጠው ሁለቱንም ነው። የገመዱን መንገድ እስከ መንገድ ዳር ድረስ በእግራችሁ ተከተሉት። ሁለቱ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ከገቡ አንድ መስመር ነው ያላችሁ።

ኮንፊገሬሽኑ (የራውተሩ ቅንብር) በምን መንገድ ይሠራል?

የተለመዱ ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛው «ባክአፕ ኢንተርፌስ» ነው። ዋናው ኢንተርፌስ (መስመሩ የሚገባበት የራውተሩ በር) ሥር ገብታችሁ መጠባበቂያው የትኛው እንደሆነ ትነግሩታላችሁ። መጠባበቂያው ወዲያው «ስታንድባይ» ይሆናል፤ ዋናው እስኪወድቅ ለሌላ ሥራ አይውልም። «ባክአፕ ዲሌይ» የሚለውን ደግሞ 10 እና 60 ብትሉት፣ ዋናው ከወደቀ ከ10 ሰከንድ በኋላ መጠባበቂያውን ያነቃል። ዋናው ከተመለሰ ደግሞ 60 ሰከንድ ታግሶ ያስተኛዋል። ቀላል ነው፤ ለመማርም ጥሩ ነው። ነገር ግን የሚያየው የዋናውን ኢንተርፌስ መውደቅ ብቻ ነው። ይህ ጉድለት ምን እንደሚያደርስ ከታች እነግራችኋለሁ።

ሁለተኛው ተንሳፋፊ ስታቲክ ራውት (በእጅ የሚጻፍ መንገድ) ነው። እኔ አብዝቼ የምጠቀመው ይህን ነው። ሁለት ዲፎልት ራውት (ሌላ የተለየ መንገድ ለሌለው ሁሉ የሚያገለግል መንገድ) ትጽፋላችሁ። የዋናው የደረጃ ቁጥር ሳትነኩት 1 ነው። የመጠባበቂያውን መጨረሻ ላይ 200 ትጨምሩበታላችሁ። ራውተሩ ትንሹን ቁጥር ስለሚመርጥ የ200ው ራውት ተደብቆ ይጠብቃል። ዋናው ራውት ከቴብሉ (ከራውተሩ የመንገድ ዝርዝር) ሲወጣ ብቅ ይላል። ዋናው መንገድ የሚመጣው ራውተሮች መንገድ በሚነጋገሩባቸው ፕሮቶኮሎች ከሆነ፣ በኦኤስፒኤፍ ቁጥሩ 110፣ በሪፕ 120 ነው፤ መጠባበቂያው ከዚያ መብለጥ አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገጥበት ነገር አለ። ዳያለሩ (የሚደውለው ኢንተርፌስ) ሳይደውልም «አፕ» ብሎ ይታያል፤ አጠገቡ «ስፑፊንግ» ይላል። ብልሽት አይደለም። ራውቱ ቴብል ውስጥ መግባት እንዲችል ሆን ብሎ ነው የሚያስመስለው።

ሦስተኛው «ዳያለር ዋች» ነው። አንድ ኔትወርክ ትጠቁሙታላችሁ። ያ ኔትወርክ ከራውቲንግ ቴብል ሲጠፋ ይደውላል። ሁለቱ የፊተኞቹ ለመደወል የሚያልፍ ትራፊክ (ዳታ) ይጠብቃሉ፤ ይህ አይጠብቅም። ኦኤስፒኤፍ ወይም መሰሉን ኢአይጂአርፒ ለሚያሄድ ትልቅ ድርጅት ይመቻል። ለአንድ ፎቅ ቢሮ ግን አያስፈልግም።

ፋይበሩ ተቆርጦ ራውተሩ ዝም አለ። ለምን?

ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ እሰማዋለሁ። እኔም በራሴ እጅ የደረሰብኝ ነው።

ብሔራዊ አካባቢ አንድ ቢሮ መጠባበቂያ ተከልኩ። ዋናውን ኢንተርፌስ በትእዛዝ ዘጋሁት፤ መጠባበቂያው ተነሳ። ከፈትኩት፤ ተመለሰ። አስረክቤ ወጣሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ በሩ ላይ ቁፋሮ ተጀመረና ፋይበሩ ተበጠሰ። ቢሮው ግማሽ ቀን ያለ ኔትወርክ ዋለ። መጠባበቂያው አልተነቃነቀም። ስደርስ ራውተሩ ላይ ዋናው ኢንተርፌስ አረንጓዴ እያበራ ነበር። ከፋይበሩ ሳጥን ወደ ራውተሩ የምትመጣው የአንድ ሜትር ኬብል ደህና ናትና! የሞተው ከሳጥኑ ወዲያ ያለው ነው። ራውተሩ የሚያየው አንድ ሜትሯን ብቻ ነበር።

መፍትሔው ራውተሩ ሩቅ እንዲያይ ማድረግ ነው። በሲስኮ «አይፒ ኤስኤልኤ» ይባላል። ራውተሩ በየጊዜው ውጭ ወዳለ አድራሻ ፒንግ («አለህ ወይ?» የሚል አጭር መልእክት) ይልካል። ካልነገራችሁት በ60 ሰከንድ አንድ ጊዜ ነው፤ እኔ 10 አደርገዋለሁ። ከዚያ «ትራክ» የሚባለውን መቆጣጠሪያ ከዚህ ፒንግ ጋር ታያይዙታላችሁ። ትራኩን ደግሞ ዋናው ዲፎልት ራውት ላይ ታስሩታላችሁ። ፒንጉ ሲጠፋ ዋናው ራውት ከቴብሉ ይወጣል፤ የ200ው ተንሳፋፊ ይገባል።

አሁን ቀስ ብላችሁ አንብቡ፤ እዚህ ላይ ሦስት ወጥመድ አለ።

የመጀመሪያው፦ መጠባበቂያው ሲነሳ ፒንጉም በመጠባበቂያው በኩል ይወጣል። መልስ ያገኛል። ራውተሩ «ዋናው ተመለሰ» ብሎ ወደ ሞተው መስመር ይዞራል። ፒንጉ ይጠፋል። እንደገና ይደውላል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲወዛወዝ ይውላል። ስለዚህ ለዚያች ለምትፈተነው አድራሻ ብቻ በዋናው ጌትዌይ (በመስመሩ ማዶ ባለው የመጀመሪያ መሣሪያ) የሚሄድ የራሷ ስታቲክ ራውት ጻፉ።

ሁለተኛው፦ ዋናው ኢንተርፌስ ራሱ ከወደቀ ያ ልዩ ራውት አብሮ ይጠፋል። ፒንጉም ያመልጥና በመጠባበቂያው ይወጣል። ለዚያችው አድራሻ የደረሰውን ሁሉ ወደሚጥለው «ነል 0» የሚወስድ ትልቅ የደረጃ ቁጥር ያለው ሌላ ራውት ጨምሩ። በመጠባበቂያው ማምለጫ አይኖረውም።

ሦስተኛው ረቂቅ ነው። ሰዉ ሁሉ መፈተኛ የሚያደርገው የጉግሉን አድራሻ 8.8.8.8ን ነው። ያንኑ አድራሻ ደግሞ ለሠራተኛው ኮምፒውተር ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉም) አድርጎ ሰጥቶታል። ዋናው ሲሞት 8.8.8.8 ወደ ሞተው መስመር ብቻ እንዲሄድ ስለታሰረ ዲኤንኤስ የለም። መስመሩ ተነስቷል፤ ድረ ገጽ ግን አይከፈትም። ለመፈተኛ ማንም ለሌላ ሥራ የማይጠቀምበትን አድራሻ ምረጡ።

ይደውላል፤ ግን አይገናኝም። ምን ልፈትሽ?

ሞደሙ የተሰካው በቢሮው የስልክ ማዞሪያ በኩል ከሆነ ውጭ ለመውጣት 9 ወይም 0 ትደውሉ የለ? ሞደሙም መደወል አለበት። ከ9 ቀጥሎ ኮማ አስገቡ። ኮማ ለሞደም ሁለት ሰከንድ ጠብቅ ማለት ነው። የውጭው መስመር ቶን እስኪመጣ ይታገሣል።

ሁለተኛ፣ ትዕግሥቱን ጨምሩለት። ራውተሩ ሳትነኩት ሞደሙ እስኪያያዝ የሚጠብቀው 30 ሰከንድ ነው። ሁለት ሞደሞች ተፏጭተው ለመግባባት ግማሽ ደቂቃ ሊወስድባቸው ይችላል። ሊጨርሱ ሲሉ ይቆርጣቸዋል። 60 አድርጉት።

ሦስተኛ የይለፍ ቃል ነው። ቻፕ የሚባለውን የማንነት ማረጋገጫ የሚጠቀም ከሆነ እዚህ የምትጽፉት የተጠቃሚ ስም የወዲያኛው ራውተር ስም መሆን አለበት፤ ቃሉ በሁለቱም ወገን አንድ። አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ ስፈልግ ውዬ ያገኘሁት ከቃሉ ኋላ የተረሳች አንዲት ባዶ ቦታ ነበረች። ከቻት ላይ ኮፒ ሲደረግ የመጣች ናት። ለዓይን አትታይም፤ ራውተሩ ግን ይቆጥራታል።

ስልኩ አልዘጋ ብሎ ብዙ ሂሳብ አስቆጠረብን።

ራውተሩ የሚደውለውም መስመሩን ይዞ የሚቆየውም «ጠቃሚ» ባላችሁት ትራፊክ ነው። ያ ትራፊክ ከጠፋ ሳትነኩት ከ120 ሰከንድ በኋላ ይዘጋል። ችግሩ ሁሉንም ነገር ጠቃሚ ማለታችሁ ነው። ኦኤስፒኤፍ በየ10 ሰከንዱ ሰላምታ ይልካል። ሰዓት ማስተካከያው ይልካል። ኮምፒውተሮቹ አፕዴት ይፈልጋሉ። ቅዳሜና እሁድ ቢሮው ባዶ ሆኖ ስልኩ ክፍት ያድራል።

የዳያለር ሊስቱን (ጠቃሚው ትራፊክ የሚነገርበትን) ከአክሰስ ሊስት (ከፈቃድና ክልከላ ዝርዝር) ጋር አያይዙት። ለኦኤስፒኤፍ 224.0.0.5ን፣ ለኢአይጂአርፒ 224.0.0.10ን፣ ከዚያም የሰዓቱን ትራፊክ ከልክሉ። እዚህ መከልከል ማለት እንዳያልፍ ማለት አይደለም። መስመሩ ክፍት ከሆነ ያልፋል፤ እንዲደወል ግን አያደርግም፤ ክፍት አድርጎም አያቆይም። ዳያለር ዋች የምትጠቀሙ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ዋናው እስኪመለስ ይዞ ይቆያል።

በሲም ካርድ ከሆነስ?

ለአብዛኛው የመሀል ከተማ ቢሮ የምመክረው ይህን ነው። ከመስከረም 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ሁለት የሞባይል ኦፕሬተር አለ። ዋናው መስመራችሁ ከኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ መጠባበቂያው ከሳፋሪኮም ቢሆን ሁለቱ አብረው የመውደቃቸው ነገር ይቀንሳል።

ግን ሲሙ መመገብ አለበት። ፓኬጁ ያለቀበት ሲም ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ አንድ ባይት አያሳልፍም። የሒሳብ ሠራተኛዋ የቢሮውን ኪራይና መብራት በምትከፍልበት ዝርዝር ላይ አስገቡት። በቴክኒሽያኑ ስም የወጣ ሲም ደግሞ ቴክኒሽያኑ ሲለቅ አብሮት ይሄዳል፤ በድርጅቱ ስም አውጡ።

ሌላው ቦታ ነው። ራውተሩ ምድር ቤት፣ በወፍራም ግድግዳ መሀል ነው የሚቀመጠው። ሲግናሉ ከማይነስ 110 ዲቢኤም ወርዶ ካያችሁት አንቴናውን በኬብል አስረዝማችሁ መስኮት ላይ አውጡት። ማይነስ 90 እና ከዚያ የተሻለ ከሆነ ደህና ነው።

ቪፒኤን (ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር በኢንተርኔት ላይ የሚያገናኝ የግል መሿለኪያ) ያላችሁ ደግሞ ይህን ያዙ። ሲሙ የሚሰጣችሁ አድራሻ በአብዛኛው ከኦፕሬተሩ ጀርባ ያለ የግል አድራሻ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ወደ እናንተ ግንኙነት ሊጀምር አይችልም። ቅርንጫፉ ነው መጀመር ያለበት። በኤንኤቲ (በአድራሻ መቀየሪያው) ውስጥ እንዲያልፍም ዩዲፒ ፖርት 4500 መከፈቱን አረጋግጡ።

ያለን ማይክሮቲክ ነው። ይሠራል?

ይሠራል። ለዋናው ራውት ዲስታንስ (የደረጃ ቁጥር) 1፣ ለመጠባበቂያው 2 ስጡ። «ቼክ ጌትዌይ» የሚለውን ፒንግ አድርጉት። በ10 ሰከንድ አንድ ጊዜ ይፈትናል፤ ሁለት ጊዜ መልስ ካጣ ይለቃል። ግን የሚፈትነው ቅርቡን ጌትዌይ ብቻ ነው። ያቺው የአንድ ሜትር ኬብል ታሪክ ናት። ስለዚህ ጌትዌዩን ውጭ ያለ አድራሻ አድርጋችሁ፣ ወደዚያ አድራሻ የሚያደርስ ሌላ ራውት በዋናው በኩል ጻፉ። ስኮፕና ታርጌት ስኮፕ የሚሉትን ቅንብሮች በትክክል ካላስገባችሁ ራውቱ አይነቃም።

ዋናው ከተመለሰ በኋላ የአይፒ ስልኩ ብቻ አልሠራ አለ።

የድሮው የኤንኤቲ መዝገብ አልጠፋም ማለት ነው። የአይፒ ስልክ ቶሎ ቶሎ ስለሚልክ መዝገቡ ጊዜው አያልፍም፤ የመጠባበቂያውን አድራሻ እንደያዘ ይቀራል። መዝገቡን አጥሩት፤ ወዲያው ይነሳል። መስመሩ ሲቀየር በራሱ እንዲያጠራ ትንሽ ስክሪፕት ማሰር ይቻላል።

እግረ መንገዴን፣ ትራኩ ላይ መዘግየት ጨምሩ። እኔ ለመውደቅ 20፣ ለመመለስ 120 ሰከንድ እሰጣለሁ። የተቀጠለ ፋይበር በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መጥቶ ይሄዳል፤ መጥቶ ይሄዳል። መቸኮል የለበትም።

መብራት ሲሄድስ?

ራውተሩ፣ የፋይበሩ ሳጥንና ሞደሙ ሦስቱም ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ላይ ይሁኑ። ብዙ ቦታ ራውተሩ ብቻ ነው የሚሰካው። ዩፒኤሱ ላይም ሌላ ነገር አይሰካ። አንድ ቢሮ የሻይ ማፍያ ለመሰካት ሞደሙ ተነቅሎ ሦስት ወር ቆይቷል። ማንም አላወቀም። የነቀሉት እትዬም አልተነገራቸውም፤ ምን እንደሆነ የሚናገር አንዲት ወረቀት እንኳ አልተለጠፈበትም ነበር። አሁን በትልቁ በአማርኛ እጽፋለሁ፦ «ይህ አይነቀል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚያድነን ይህ ነው።»

ሞደሙ ለሌባ በር አይከፍትም?

ሊከፍት ይችላል። ስልክ ቁጥሩን ያገኘ ሁሉ ይደውልበታል። ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል ቀይሩ። ከፓፕ ይልቅ ቻፕ ተጠቀሙ፤ ፓፕ ቃሉን እንዳለ ነው የሚልከው። ከተቻለ ራውተሩ ዘግቶ ወደሚታወቅ ቁጥር መልሶ እንዲደውል አድርጉት። ወደ ውጭ ብቻ የሚደውል ከሆነም ሞደሙ ራሱ ስልክ እንዳያነሳ ዝጉበት።

እንዴት ልፈትነው?

ፋይበሩን በመንቀል። በትእዛዝ በመዝጋት አይደለም፤ ያ እኔንም አታሎኛል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይሉ የለ? መደቆሻው ይኸው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ወይም ጠዋት ደንበኛ ሳይገባ ጊዜ ያዙ። ለሥራ አስኪያጁና ለጥበቃው ንገሩ። ከነጩ ሳጥን ጀርባ ያለችውን አረንጓዴ የፋይበር ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ። ጫፏን በጣት አትንኩ፤ ውስጧንም በዓይን አትመልከቱ። ሳጥኑ ላይ «ሎስ» የሚለው መብራት ይቀላል። ከዚያ በስልካችሁ ሰዓት ቁጠሩ። ስንት ሰከንድ ላይ ኢንተርኔቱ ተመለሰ? ክፍያ አንድ ሞክሩ። ቪፒኤኑን ሞክሩ። የአይፒ ስልኩን አንሱ። ቢያንስ አሥር ደቂቃ እንዲህ ይቆይ፤ የሚወዛወዝ ከሆነ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። መልሳችሁ ሰኩና መመለሱንም ቁጠሩ።

በመጨረሻ ሎጉን (ራውተሩ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን) አንብቡ። የሰዓት ቀጠና ካልሰጣችሁት የራውተሩ ሰዓት ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ሎጉ 07:00 ካለ አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ይህን ሳያስተውሉ «እኔ የነቀልኩት በ4 ሰዓት ነው፤ ሎጉ ሌላ ነገር ነው የሚለው» ብለው የደወሉልኝ አሉ። ቀጠናውን 3 ብላችሁ አስገቡ። የነቀላችሁበትን፣ የተነሳበትንና የተመለሰበትን ሰዓት ጽፋችሁ ራውተሩ ያለበት ሳጥን በር ላይ ለጥፉት። በሦስት ወሩ እንደገና ስትነቅሉ የምታወዳድሩት ከእሱ ጋር ነው።